የአይጥ ልጆች 21 ቀናትና የሐረርጌ ማሽላ

በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በበደሳ ማሽላውን ቤት ያስገባ ቤተሰብ አይጥን የሚያውቃት በጥርሷ ነው። የጆንያው ጥግ ተቀዶ፣ ፍሬው ወለል ላይ ተበትኖ፣ ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ሲሰማ ያኔ ስለ አይጥ ይወራል። በማግስቱ መርዝ ይገዛል፤ ያም ካልሆነ ከጎረቤት ድመት ይለመናል። ችግሩ ያን ጊዜ ጊዜው ማለፉ ነው። ኮርኒስ ላይ የምትሮጠው አይጥ ያደገች አይጥ ናት፤ ያደገችውም ከሳምንታት በፊት ማንም ሳያያት፣ ከጆንያው ብዙም በማይርቅ ጎጆ ውስጥ ነው። እህላችንን የምናድነው የአይጥ ልጅ ከተወለደችበት ቀን አንሥቶ ጡት እስከምትተውበት ቀን ያለውን ጊዜ ስናውቅና ያንን ጊዜ ስንነፍጋት ነው እላለሁ። ጊዜው 21 ቀን ገደማ ነው። ይህን ለማለት የሚያበቃኝ የሕፃን አይጦችን እድገት ቀን በቀን የተከታተሉ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ያከማቹት እውቀት ነው።

ይህ እውቀት የተገኘው አይጥ ከሰው ጋር በሰላም በኖረችባቸው ቤቶች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር አይጥ በመያዝ የሚተዳደሩ ሰዎች ነጭና ዥጉርጉር ሆነው የተወለዱትን እየለዩ ማራባት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር አይጥን እንደ ድመት በቤት የሚያሳድግ ሰው አለ፤ እናቲቱ ስትወልድም ልጆቿን በየቀኑ እየመዘነ እድገታቸውን ይከታተላል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሚገኘው የዊስታር ተቋም ደግሞ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጭ አይጦችን ለምርምር አራብቷል። በእኛ አገር አይጥን ለፍቅር ማሳደግ የተለመደ ባይሆንም ለሥራ ማሳደግ ግን ደርሶናል። አዲስ አበባ በሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ አፖፖ ከተባለው ድርጅት ጋር በተያዘ ሥራ፣ የሠለጠኑ ግዙፍ የአፍሪካ አይጦች የሳንባ ነቀርሳን ከአክታ ናሙና በማሽተት ይለያሉ። ማጋዋ የተባለው የዚሁ ድርጅት አይጥ በካምቦዲያ 39 የተቀበሩ ፈንጂዎችን አሽትቶ በማግኘቱ በ2020 እ.ኤ.አ. የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እነዚህ አይጦች ገና በልጅነታቸው ከሰው እጅ፣ ከሰው ድምፅና ከሰው ሽታ ጋር እንዲላመዱ ይደረጋል፤ አሠልጣኞቻቸው ካደጉ በኋላ ቢጀምሩ ሥራው እንደሚከብድ ያውቃሉ። የአይጥ ሕይወት የሚወሰነው በልጅነቷ መሆኑን በጎ ለሚሠሩበት ሰዎች የገባቸውን ያህል ለእኛ ለተጎጂዎቹ አልገባንም።

እድገቷን ከመጀመሪያው እንከተል። በቤትና በቤተ ሙከራ የምትረባው አይጥ የምታረግዘው ከ21 እስከ 23 ቀን ነው። በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ልጆች ትወልዳለች። የተወለደችው ልጅ 5 ወይም 6 ግራም ትመዝናለች። ጸጉር የላትም፤ ዓይኗና ጆሮዋ ዝግ ነው፤ ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሣ የጠባችው ወተት ሆዷ ውስጥ ነጭ ሆኖ ከውጭ ይታያል። የዚህች ፍጡር ትልቁ ድክመት ብርድ ነው። የራሷን ሙቀት መጠበቅ ስለማትችል እናቷ ከሌለች ከወንድምና እኅቶቿ ጋር ተቆልላ ትተኛለች። ክምሩም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከላይ ሆና የበረዳት ወደ መሐል ትገባለች፣ መሐል ሆና የሞቃት ወደ ዳር ትወጣለች፤ በዚህ ሁኔታ ሁሉም በየተራ ይሞቃሉ። አንዷ ከጎጆ ብትወጣ ወይም ብትበርድ የሰው ጆሮ ሊሰማው በማይችል ቀጭን ድምፅ ትጣራለች። የሰው ጆሮ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ሲሰማ የሕፃኗ ጥሪ ወደ 40 ኪሎ ኸርዝ ይጠጋል። እናቲቱ ግን ትሰማለች፤ ሄዳም በአፏ አንሥታ ትመልሳታለች። ከጆንያችን ሥር ሙሉ ወሊድ እያለቀሰ እኛ ምንም ሳንሰማ የምንተኛው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ክብደታቸው ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ ቆዳቸው በስስ ጸጉር መሸፈን ይጀምራል። በሁለተኛው ሳምንት የፊት ጥርሶቻቸው ብቅ ይላሉ፤ በ12ኛውና በ13ኛው ቀን ገደማ ጆሯቸው፣ በ14ኛውና በ15ኛው ቀን ገደማ ደግሞ ዓይናቸው ይከፈታል። እስከዚህ ድረስ ከእናታቸው በቀር ተስፋ የላቸውም። እናቲቱ ልጆቿን የምታጠባቸው ብቻ ሳይሆን ያለማቋረጥ ትልሳቸዋለች። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሚኒና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት አብዝታ የምትልስ እናት ያሳደገቻቸው ልጆች ካደጉ በኋላ ሲደነግጡ ሰውነታቸው ቶሎ እንደሚረጋጋ አሳይተዋል፤ ትንሽ የተላሱት ግን ድንጋጤው ይበረታባቸዋል። ከ16ኛው ወይም ከ17ኛው ቀን በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ልጆቹ ከጎጆ ወጥተው እህል መቅመስ ይጀምራሉ፤ ይሯሯጣሉ፣ ይታገላሉ፣ እርስ በርስ እየተንከባለሉ ይጫወታሉ። በ21ኛው ቀን ጡት ይተዋሉ። ያን ጊዜ ወደ 40 ወይም 50 ግራም ይመዝናሉ፤ 5 ግራም ሆና የተወለደችው በሦስት ሳምንት ከስምንት እስከ ዐሥር እጥፍ ሆናለች ማለት ነው። በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ራሷ ለማርገዝ ትደርሳለች። እናቷ ደግሞ በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ስለምትችል ያሁኖቹ ጡት ሲተዉ ቀጣዮቹ ሊወለዱ ይደርሳሉ። በከተሞቻችን ቤት የሚታየው ጥቁሩ የጣሪያ አይጥ ለመድረስ ከዚህ ይዘገያል፤ ሆኖም የጎጆው ዘመን ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ነው።

ከዚህ ቆጠራ ተነሥቶ አይጥ ማለቂያ የሌላት ናት ብሎ ተስፋ መቁረጥ ይቻላል። ማስረጃው የሚለው ሌላ ነው። አሜሪካዊው ጆን ካልሁን በ1947 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ግዛት 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ አጥሮ የዱር አይጦችን ለቀቀበት፤ ምግቡ እንደ ልብ፣ ጠላት የሚባል የለም። በ27 ወራት ውስጥ 5,000 ያህል ትልልቅ አይጦች ሊኖሩ ይችሉ ነበር። የተገኙት ግን 150 ነበሩ፤ ቁጥሩም እዚያው ቆመ። ትልልቆቹ በረሃብ አላለቁም፤ የጠፉት ሕፃናቱ ነበሩ። ግርግርና ሁከት ሲበዛ እናቶቹ በሚገባ ማሳደግ ስለተሳናቸው አብዛኞቹ ልጆች ጡት ሳይተዉ ሞቱ። የአይጥን ብዛት የሚወስነው ስንት ትወለዳለች የሚለው ሳይሆን ስንቷ ከጎጆ በሕይወት ትወጣለች የሚለው ነው። እናት ልጆቿን ያለ ስጋት 21 ቀን የምታሳድግበት ደረቅና ጨለማ ቦታ፣ በአጠገቡም ለወተቷ የሚሆን እህል ካገኘች አይጥ ይበዛል፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ይቀንሳል።

መርዝ እያለ ይህ ሁሉ ሐተታ ምን ያደርጋል የሚል አለ። መርዝ እንደሚገድል አልክድም። ገበያ ላይ ከሚገኙት መካከል በፍጥነት የሚገድለው ዓይነት ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ጥቂት ቀምሳ የታመመችና የተረፈች አይጥ ያንን ምግብ ዳግመኛ አትነካም። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሽታይኒገር በ1950 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አንድ ዓይነት መርዝ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲቀመጥ መጀመሪያ ብዙ ይገድላል፣ በኋላ ግን የሚነካው ይጠፋል፤ መርዙን ቀምሰው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ ይሸሹታል። ልጆቹ ይህን ከወዴት አወቁ? በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቤኔት ጋሌፍና ሜርቲስ ክላርክ በ1971 እ.ኤ.አ. መልሱን አገኙ። ትልልቆቹ አንዱን ምግብ እንዲፈሩ ከተደረገ በኋላ የወለዷቸው ልጆች ጡት ሲተዉ የሚበሉት ወላጆቻቸው የሚበሉትን ብቻ ነበር። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት የእናት ወተት የበላችውን ምግብ ጣዕም ለልጆቿ ያደርሳል፤ ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽም እንዲሁ። ለእናቲቱ ያለ ጥንቃቄ የተቀመጠ መርዝ በጎጆው ላሉት ሁሉ ትምህርት ሆኖ ይቀራል።

ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ የሚገድለው መርዝ ይህን ያልፋል፤ አይጧ ሕመሙን ከበላችው ጋር ማያያዝ አትችልም። እውነት ነው። ሆኖም መርዙን የያዘችው አይጥ በቀጣዮቹ ቀናት እየተዳከመች ስትንቀሳቀስ ድመት ትበላታለች፣ ጉጉት ይነጥቃታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ አይጥን የሚቀንሱልንን እንስሳት ራሳችን እንገድላለን። ሕፃናት በሚንቀሳቀሱበት ማጀት መርዝ መበተኑ ደግሞ ከእህሉ ኪሳራ የከፋ አደጋ ያመጣል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ እናቲቱ ብትሞት 17 ቀን የሞላቸው ልጆቿ እህል መቅመስ ስለጀመሩ ሊተርፉ ይችላሉ፤ የተለቀቀውን ጎጆም የጎረቤት አይጥ ትወርሰዋለች። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በተደረገው ረጅም ጥናት በመግደል ብቻ የቀነሰው የአይጥ ብዛት ተመልሶ ሞልቷል። ዘላቂ ቅናሽ የታየው ቆሻሻው ሲነሣና ቤቶቹ ሲጠገኑ ነው።

ድመትስ? ድመት የምትጠቅመው ሰዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። በኒው ዮርክ ብሩክሊን በሚገኝ የቆሻሻ መለያ ግቢ ውስጥ ተመራማሪዎች በካሜራ ለ79 ቀናት ድመቶችንና አይጦችን ተከታትለው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት ድመቶቹ የገደሉት ሁለት አይጦችን ብቻ ነው። ያደገች አይጥ ለድመት ቀላል ግዳይ አይደለችም። አይጦቹ ግን ድመት ባለበት ጊዜ ከመደበቂያቸው መውጣት ቀንሰዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከስዋዚላንድ ገጠር የወጣ ጥናት ደግሞ ድመትና ውሻ አብረው ባሉበት ግቢ አይጦች ምግብ ፍለጋ መውጣት እንደሚቀንሱ አሳይቷል፤ አንዱ ብቻውን ያን ያህል ውጤት አልነበረውም። እናት አይጥ ምግብ ፍለጋ በነፃነት መውጣት ካልቻለች ወተቷ ይቀንሳል፤ ወተቱ ሲቀንስ 12 ልጆች ማሳደግ አትችልም። የድመት ጥቅም ከገደለችው ይልቅ እንዳይወጡ ባስፈራራቻቸው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ድመት ይኑር፣ ውሻም ይኑር፤ እህሉ ተበትኖ ካለ ግን ሁለቱም ብቻቸውን አያድኑንም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐረርጌ በዚህ ጉዳይ ከብዙ አካባቢዎች የሚበልጥበት ባህል አለው፤ ማሽላን በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ማኖር። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ ገለባ ይነጠፍበታል፤ አፉ ተደፍኖ አፈር ይለበስበታል። በደንብ የታሸገ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ስለሚታፈን ነቀዝ አይራባም፤ ለአይጥም መግቢያም መተንፈሻም የለውም። ጉድጓዱ ሲከፈት ሰው ቸኩሎ እንዳይገባ የሚከለከለውም በዚሁ የታፈነ አየር ምክንያት ነው። ጉድለቱ እርጥበት ነው፤ ውኃ ከገባ እህሉ ይሻግታል፤ ረጅም ጊዜ የቆየ ዘርም ላይበቅል ይችላል። በጭሮና በሌሎቹ ከተሞች ያለው ነዋሪ ግን ጉድጓድ መቆፈሪያ ቦታ የለውም፤ እህሉን በጆንያ ወይም በማዳበሪያ አድርጎ ከግድግዳ አስጠግቶ ይደረድራል። ከጆንያውና ከግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ጨለማ፣ ደረቅና ሙቅ ነው፤ ምግቡም አንድ እርምጃ ርቀት ላይ አለ። የተቀደደው የጆንያ ክር ራሱ ለጎጆ መደብ ይሆናል። ግቢው ውስጥ የማሽላ አገዳ ለከብት መኖ ይከመራል፤ የጫት ገረባም ጥግ ላይ ይቆለላል። ለ5 ግራሟ ሕፃን ከዚህ የተሻለ ማደጊያ ልናዘጋጅላት አንችልም፤ የጨርጨር ደጋ ሌሊት ሲበርድም የምትሞቀው በእኛ ክምር ውስጥ ነው።

ድሃ ቤተሰብ የብረት ጎተራ ከየት ያመጣል የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። የብረት ጎተራ ጥሩ ነው፤ ለብዙዎች ግን አይደረስበትም። የ21 ቀኑ እውቀት የሚጠቅመው በተለይ ለእነዚህ ሰዎች ነው። ጆንያውን ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ሰው በሚያልፍበት ያህል አርቆ ማስቀመጥና በየሁለት ሳምንቱ ማንቀሳቀስ ገንዘብ አይጠይቅም። በየሁለት ሳምንቱ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተወለዱ ልጆች ገና ዓይናቸው እየተከፈተ ነው፤ ራሳቸውን ችለው አይሮጡም፣ እህልም አይበሉም። በወር አንድ ጊዜ የሚያጸዳ ሰው አንድ ሙሉ ወሊድ አድጎ ከወጣ በኋላ ባዶ ጎጆ ይጠርጋል። የአገዳውና የገረባው ክምርም በዚሁ ሥርዓት ቢገለበጥ፣ የተበተነው ፍሬ በየምሽቱ ቢጠረግ፣ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በድንጋይ ቢደፈን እናቲቱ ሌላ ቦታ ለመፈለግ ትገደዳለች። ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ በምትሰደድበት ጊዜ ብዙዎቹ ይጠፉባታል።

ጎረቤቴ ካላጸዳ የእኔ ድካም ምን ዋጋ አለው የሚለውም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዋጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የመንደር ሥራ ከሆነ ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜውንም መምረጥ ይቻላል። በማሳ የምትኖረው ማስቶሚስ የተባለችው ባለብዙ ጡት አይጥ እስከ 24 ጡት አላት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አፈወርቅ በቀለና ቤልጂጋዊው ኸርቪግ ሌርስ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳዎች ላይ አጥንተው በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት የማሳ አይጦች መራባት ከዝናብ ጋር የተሳሰረ ነው። ዝናብ ሣርና ዘር ያበቅላል፤ ልጆች በዚያ ያድጋሉ፤ ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ በክረምቱ ያደጉት በሙሉ ጥርሳቸው ይጠብቁታል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትግራይ ውስጥ ያጠኑትም የድንጋይ እርከን በተቀራረበባቸው ማሳዎች አይጥ እንደሚበዛ አሳይቷል፤ በድንጋዮቹ መካከል ጎጆ አለና። እርከን በብዛት ላለው ለምዕራብ ሐረርጌ ይህ ትልቅ መልእክት ነው። እርከኑ አፈር ስለሚያድን አይፈርስም፤ የእርከኑን ዳር ሣር ማጨድና ቀዳዳውን መድፈን ግን ይቻላል።

አንዳንድ አንባቢ እናት ልጆቿን እየላሰች እንደምታሳድግ ከተተረከ በኋላ ጎጆዋን አፍርሱ ማለት ጭካኔ አይደለም ወይ ሊል ይችላል። ጥያቄው ያስጨንቀኛል። አይጥ የሚሰማት፣ የምትፈራና ለልጆቿ የምትሟገት ፍጡር ናት፤ ይህን ማወቅ ሸክም ነው። ሸክሙን የማቀለው ግን በዚህ ነው፦ አንድ አይጥ በቀን 20 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፣ በዓመት 7 ኪሎ ማለት ነው፤ በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸው ከዚህ ይበልጣል፤ ሽንቷም ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ይህን ዝም ብሎ ማየት በልጆቻችን ላይ ጭካኔ ነው። ካደጉ በኋላ በመርዝ አድቅቆ ከመግደል ደግሞ ቀድሞ ምግብና መጠለያ ነፍጎ ብዙዎቹ እንዳይወለዱ ማድረግ ስቃዩን ያሳንሳል።

ጭሮን፣ የያኔዋን አሰበ ተፈሪ፣ በጨርጨር አገረ ገዥነታቸው ዘመን ያለሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትር ሲጽፉ ባለ ታሪኮቻቸው አራዊት ነበሩ። የእሳቸው ከተማ እንስሳን ማስተዋል ሊያቅታት አይገባም። በጭሮ ያለው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል ከቤተ ሙከራ የመጣ ንጹሕ የአይጥ ወሊድ በመስታወት ቤት አድርገው ለተማሪዎችና ለልማት ሠራተኞች ቀን በቀን ቢያሳዩ፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ያስተምራል። የዱር አይጥ ልጆችን ግን ማንም በእጁ አይንካ። የገበሬውና የከተማው ነዋሪ ሥራ ግን ይህን አይጠብቅም፤ ዘንድሮ ማሽላው ቤት ሳይገባ በጥቅምት አገዳውንና ገረባውን አንሡ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ርብራቡን ሥሩ፤ ከገባ በኋላም ጆንያውን በየ14 ቀኑ አንቀሳቅሱ፤ ጎረቤቶቻችሁንም ቀን ቆርጣችሁ አስተባብሩ።